ቀኝና ግራን በሚዛን ለመለየት የደከሙት የዶክተር አካለ ወልድ ወልደ ኪዳን የሕይወት ታሪክ

ዶክተር አካለ ወልድ ወልደ ኪዳን ከአባታቸው ከመምሬ ወልደ ኪዳን ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ታፈረ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በቢቸና አውራጃ፣ ቢቸና ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን ከወለዷቸው አምስት ልጆች ለወግ ለማዕረግ የበቃነው ሁለት ነን፤ ታላቁ እርሳቸው፣ ታናሹ ደግሞ ይህን ጽፌ የማነብላችሁ እኔ፣ በሞጣ ከተማ መምህር የሆንኩት ደምለው ወልደ ኪዳን።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይህን ወረቀት እኔ የጻፍኩት ፈልጌ አይደለም። ወንድሜ በኑዛዜያቸው “ታሪኬን ደምለው ይጻፍ፣ ደምለው ያንብብ፣ የሞጣውን ነገር እንዳይዘል” ብለው ስላዘዙ ነው። ከእርሳቸው ጋር ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሳንነጋገር እንደኖርን ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። ትናንት አስከሬኑ ሲደርስ የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ክርስቶስ ወደ ጓሮ ወስደውኝ “አሥራ ሦስቱ ይቅር ብለውታል። የቀረኸው አንተ ነህ። ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት አፍህን ክፈት” አሉኝ። ይህን መስመር ስጽፍ እከፍት እንደሆነ ገና አላውቅም ነበር። ስለዚህ “ለድሃ አዛኝ፣ ለወገን ደራሽ” የሚል ነገር ከእኔ የሚጠብቅ ካለ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ የማውቀውን በየዓመተ ምሕረቱ እናገራለሁ።

ዶክተር አካለ ወልድ በልጅነታቸው ከአባታችን ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። አባታችን ሀሳባቸው ዲቁና አስቀብለው ወደ ቅኔ ቤት ሊልኳቸው ነበር። ነገሩን የለወጠው የጎረቤታችን ሞት ነው። እርሳቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ጎረቤታችን እማሆይ ፋንታ ኮሶ በዝቶባቸው በአንድ ቀን ሞቱ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያለቅስ ወንድሜ እናታችንን ቀሚሳቸውን ጎትተው “ስንት ጠጡ?” አሏቸው። እናታችን “ወይ ጉድ! ሰው ሞቷል፣ ይኸ ልጅ ስፍር ይጠይቀኛል!” ብለው ገላመጧቸው። ወንድሜ ግን ሣልስቱ እስኪወጣ ድረስ ያገኙትን ትልቅ ሰው ሁሉ ሲጠይቁ ሰነበቱ። የሚያውቅ አልተገኘም። በእፍኝ ነው የተሰጣቸው፣ እፍኙም የማን እፍኝ እንደነበረ የሚናገር ጠፋ።

በ1946 ዓ.ም. በቢቸና የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ 1953 ተማሩ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ወርደው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1957 ጨረሱ። ክረምት ወደ ቤት ሲመለሱ ለእኔ የሂሳብ ደብተር ይዘውልኝ ይመጡ ነበር፤ እኔን መምህር ያደረጉኝ እርሳቸው ናቸው፤ ይህን አልክድም። በ1958 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኬሚስትሪ በ1962 ተመረቁ። በዚያው ዓመት በዋና ከተማው በአንድ የመድኃኒት መመርመሪያ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ለሕዝብ ከመታደሉ በፊት ትክክለኛ መሆኑን አይቶ መፈረም ነበር።

በጥር 1965 ዓ.ም. ከየጁቤ የመጡትን ወይዘሮ ሀብትነሽ አላምረውን በሕግ አገቡ። በ1967 አንዲት ሴት ልጅ ይርጋነሽን ወለዱ። እኔም በ1968 የዛሬዋን ባለቤቴን ባንቺዓለምን ሳገባ ሚዜዬ ሆነው ከአዲስ አበባ መጡ። ባንቺዓለም ጥልፍ ጠላፊ ናት። በሞጣ ያለ የሙሽራ ቀሚስ አብዛኛው ከእጇ የወጣ ነበር። ወንድሜ የጠለፈችውን ነጠላ በዕቃ መያዣቸው አድርገው ሲሄዱ “እንዲህ ያለ የጠራ ዓይን አላየሁም” ብለው አደነቋት።

በ1970 ዓ.ም. የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝተው ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄዱ። ያን ዓመት እንኳንም ሄዱ፤ የቀረነው እንዴት እንደተረፍን እግዜር ያውቃል። አብረዋቸው ከተመረቁት ሰባት ሰዎች አራቱ በዚያው ዓመት አለቁ። ወንድሜ ይህን የሰሙት እዚያ ሆነው በደብዳቤ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጓደኞቻቸው ሲያነሱ አንድም ቀን አልሰማኋቸውም። አራት ዓመት በትምህርት ቆይተው በ1974 የዶክትሬት ማዕረግ ይዘው ተመለሱ።

የተማሩት ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለውን መሣሪያ ነው። አባታችን በሕይወት ሳሉ “ምንድን ነው እሱ?” ብለው ሲጠይቋቸው “አባባ፣ በዓይን የማይታይ ነገር የሚመዘንበት ሚዛን ነው” አሏቸው። መሣሪያው አንድን ነገር ወስዶ በጣም ደቃቅ ወደሆነው ወደ መጨረሻው ብናኝ ያደርሰውና ያንን ብናኝ ይመዝናል። ክብደቱ ከሚታወቀው የመድኃኒቱ ክብደት ጋር ከገጠመ እሱ ነው፤ ሌላ ክብደት ካመጣ ሰው አጭበርብሮበታል ማለት ነው። በ1975 አንድ ያገለገለ ማሽን በእርዳታ ከጀርመን መጣና ወንድሜ ብቻቸውን ያንቀሳቅሱት ጀመር። በአገሩ ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። የተበላሹ የወባ ኪኒኖችን፣ ስኳር ብቻ ሆነው የተገኙ እንክብሎችን በዚያች ማሽን ለይተው አስጥለዋል። “እሷ አትዋሽም” ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ማሽኗ አልዋሸችም።

በኅዳር 1975 ባለቤቴ ባንቺዓለም ደም መትፋት ጀመረች። ሞጣ ጤና ጣቢያ አክታዋ ታይቶ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። መድኃኒት ጀመረች፤ ዓመቱ ሳይሞላ መድኃኒቱ ከአገር ጠፋ። በሞጣም በቢቸናም በግንደወይንም የሚያስሉ ሰዎች በየጤና ጣቢያው ግቢ ተኝተው ይጠብቁ ነበር። እኔ ለወንድሜ በሳምንት ሁለት ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ቃሌን እዚህ ላልሸሽግ፤ “ሚስቴ እየሞተች አንተ እዚያ ማሽን ትወለውላለህ” ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።

በኅዳር መጨረሻ 1976 አዲስ የነቀርሳ ኪኒን ከውጭ ገባ። አሁን የምናገረውን ወንድሜ ደጋግመው ስላስረዱኝ ሳይሆን፣ እኔ ደጋግሜ ላለመስማት እየሞከርኩ ስለሰማሁት ነው የማውቀው። አንዳንድ መድኃኒት እንደ ሰው እጅ ቀኝና ግራ አለው። ሁለቱ የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፣ ክብደታቸውም እኩል ነው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላው የመስተዋት ግልባጭ ነው። የዚያ ኪኒን ቀኙ ነቀርሳውን ይገድላል። ግራው ነቀርሳውን አይነካውም፣ የሰውን ዓይን ግን ያጠፋል። ንጹሕ ቀኝ መሆኑን ለማወቅ መድኃኒቱን አሟሙተው ልዩ መብራት ያሳልፉበትና መብራቱ ወደየት እንደዞረ ያያሉ። ደንቡ ይህ ነው። የዚያ መሣሪያ አምፖል ከተቃጠለ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። በሦስት ደብዳቤ ተጠይቆ አልመጣም።

ወንድሜ ኪኒኑን በሚወዱት ማሽን መዘኑት። ክብደቱ ልክ መጣ። ቀኝም ግራም ልክ ይመጣ ነበር፤ ይህን ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ በአገሩ አልነበረም። የበላዮቻቸው በየቀኑ እየደወሉ “ሕዝብ እያለቀ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?” ይሏቸዋል። የእኔም ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ፋብሪካው ቀኝ ነው ብሎ ጽፏል፣ ክብደቱም ልክ ነው ብለው ታኅሣሥ 4 ቀን 1976 ዓ.ም. ፈረሙ። በዚያው ቀን ለእኔ አጭር ደብዳቤ ጻፉልኝ፦ “መድኃኒቱ እየመጣላችሁ ነው። እኔው ነኝ ያየሁት። ባንቺዓለም ትዋጥ።”

ያ ጭነት የታደለው ወደ እኛ አውራጃዎች ነበር። በየካቲትና በመጋቢት ሰው ቀለም መለየት አቃተው። በሚያዝያ ፊት መለየት አቃተው። ሰኔ ሲገባ በሞጣ ዘጠኝ፣ በቢቸና አምስት፣ ባጠቃላይ አሥራ አራት ሰዎች ዓይናቸው ጠፋ። ሳላቸው ቆሞ ነበር፤ ይህንንም ልናገር። ባንቺዓለም ደም መትፋቷን አቆመች፣ ሰውነቷም ተመለሰ። በፊቷ ላይ እጄን ሳወዛውዝ ግን አታይም።

ወንድሜ ነገሩን የሰሙት በሐምሌ ነው። በሰሙ በማግስቱ ወደ ሞጣ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከተረፈው ኪኒን በመሐረብ ቋጥረው ወስደው አምፖሉ ከሚሠራ ሌላ መመርመሪያ ቤት ለምነው አስመረመሩት። ከግማሹ በላይ ግራ ነበር። ለአለቃቸው ሲነግሩ “ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ፤ ላንተም ለእኛም ይበጃል” ተባሉ። እርሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ወደ ሞጣ ተመለሱ። በጤና ጣቢያው ግቢ፣ የታመሙትም ዘመዶቻቸውም በተሰበሰቡበት፣ “ፋብሪካው ተሳስቷል። ግን በር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ሳላይ አየሁ ብዬ የፈረምኩ እኔ ነኝ” አሉ። እኔ ከመካከል ወጥቼ ኮታቸውን አንቄ “ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ! ወንድም የለኝም!” አልኩ። ምራቄንም ተፋሁ። ያዩ ሰዎች ዛሬ እዚህ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ከታወሩት አንዱ በሞጣ ገበያ የጫማ ሱቅ ያላቸው አቶ ሐምዱ ሰይድ ናቸው። ወንድሜ በኅዳር 1977 ሊጠይቋቸው ሄደው ሱቃቸው ተቀምጠዋል። አቶ ሐምዱ ከጆንያ የላስቲክ ጫማ እያወጡ ቀኙን ከግራው ያጣምራሉ። ወንድሜ “እንዴት ይለዩታል?” ብለው ጠየቁ። አቶ ሐምዱም ሳቅ ብለው “ዶክተር፣ እኔ እንዳንተ በሚዛን አልለይ! እግሬን ነዋ የማገባበት። የቀኝ እግሬ እምቢ ካለው ግራ ነው” አሏቸው። ወንድሜ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ሻይ የቀረበላቸውን ሳይጠጡ፣ ደህና ይሁኑ እንኳ ሳይሉ ወጡ። አቶ ሐምዱ “ባጎደልኩት ቃል ተቀየመኝ” ብለው ሁለት ቀን አዝነዋል።

ወንድሜ ግን የወጡት ሀሳብ ስለመጣላቸው ነው፤ ሀሳባቸውም ይህ ነበር። ባዶ ጫማ ቢመዘን ቀኙም ግራውም እኩል ነው። እግር ከገባበት በኋላ ግን የሚመዘነው ጫማና እግር አብሮ ነው። እንግዲያው ለመድኃኒቱ እግር ይፈለግለታል። ከወይን አተላ የሚገኝ አሲድ ቀኝም ግራም ያለው ነው፤ እሱን እግር አደረጉት። የግራውን እግር ደግሞ ከባድ ሃይድሮጅን በሚባል ነገር ሠርተው ሆን ብለው ከቀኙ አከበዱት። ሁለቱን እግር እኩል ቀላቅለው ከኪኒኑ ብናኝ ጋር ማሽኗ ውስጥ ሲከቷቸው፣ ኪኒኑ ለሚስማማው እግር ያደላል። ቀኝ ከሆነ ቀለል ያለው ጥንድ ይበዛል፤ ግራ ከሆነ ከበድ ያለው ይበዛል። ሚዛኗም ያን ጊዜ ቀኝና ግራን ትለያለች። አምፖል አያስፈልጋትም፣ ብዙ መድኃኒትም አትፈልግም፤ በጥፍር ጫፍ የተያዘ ዱቄት ይበቃታል።

ይህን ለመሥራት አሥራ አራት ወር ፈጀባቸው። ከባዱን ሃይድሮጅን የጀርመን መምህራቸው በትንሽ ጠርሙስ ላኩላቸው። ወይዘሮ ሀብትነሽ እንደሚሉት በዚያ ጊዜ ባለቤታቸው እቤት የሚመጡት ልብስ ለመቀየር ነበር፤ እህል ሲቀርብላቸው የአሥራ አራቱን ሰዎች ስም አንድ ባንድ ጠርተው ነው የሚቆርሱት። ሥራው ሲሳካ ለመምህራቸው በደስታ ጻፉ። መምህራቸው ግን “እንኳን ደስ ያለህ፤ ነገር ግን ይህን መንገድ የሚመስል ከሰባት ዓመት በፊት በውጭ አገር መጽሔት ታትሟል” ብለው መለሱላቸው። መጽሔቱ እኛ አገር ገብቶ አያውቅም። ወንድሜ ደብዳቤውን አንብበው “ሰባት ዓመት! ተጽፎ ተቀምጦ ነበር!” ብለው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወይዘሮ ሀብትነሽ ነግረውኛል። ክብር ቀረብኝ ብለው አልነበረም ያዘኑት፤ ያ ወረቀት ቢደርስ የማይታወር ሰው ነበረ ብለው ነው።

በሚያዝያ 1978 ከዚያው ፋብሪካ ሁለተኛ ጭነት መጣ። ወንድሜ በአዲሱ መንገድ መረመሩት፤ ግራ ነበረበት። አልፈርምም አሉ። “የኢኮኖሚ አሻጥር ሠርተሃል፣ ሕዝብ መድኃኒት እንዳያገኝ አድርገሃል” ተብለው በግንቦት ታሰሩ። እዚህ ላይ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ይህ ጽሑፍ በስቴንስል ከመባዛቱ በፊት አይተውት “ደምለው፣ ይችን አንቀጽ ብታሳጥራት” ብለው መክረውኛል። ለእኔ አስበው ነው፤ አልቀየማቸውም። አላሳጠርኳትም እንጂ። ስምንት ወር ታስረዋል። ለምርመራ በሌሊት ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ሲያቆሟቸው ኩላሊታቸው ተጎዳ። “ፈርምና ውጣ” ሲሏቸው “አንዴ ፈርሜ አሥራ አራት ሰው አሳውሬያለሁ፤ አሁን ግደሉኝ እንጂ አልፈርምም” ብለዋል። የመድኃኒቱ ናሙና ወደ ጀርመን ተልኮ እንደታየ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ፤ ጭነቱም ተመለሰ። በጥር 1979 ተፈቱ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። በዚያ ጭነት ስንት ሰው ሊታወር ይችል እንደነበር የቆጠረም የለም፤ ወንድሜም አልቆጠሩም። የሚቆጥሩት ያለፈውን ነበር።

ከእስር እንደወጡ ወደ አባ ገብረ ክርስቶስ ቀርበው ንስሐ ጠየቁ። አባም “እያንዳንዳቸው ደጅ ድንጋይ ተሸክመህ ሂድ። ከራሳቸው አፍ ይቅርታ ካላገኘህ እኔ አልፈታህም። ሰው የታወረበት ቤት ባለቤት ደግሞ አብሮ ይናገር” አሏቸው። ከመጋቢት 1979 ጀምሮ አንድ የዶክትሬት ማዕረግ ያለው ሰው በዚህ በቢቸና መንገድ ላይ ትከሻው ላይ ድንጋይ አድርጎ ሲሄድ አይታችሁታል። አምስቱን እዚህ ጨርሰው ወደ ሞጣ ሄዱ። አቶ ሐምዱ ድንጋዩን በእጃቸው ዳብሰው ከትከሻቸው አወረዱና “አንተ ሰው አብደሃል? ግባና ምሳ ብላ! አላህ ይቅር ይበልህ፣ እኔ ያኔውኑ ትቼዋለሁ” አሏቸው። ሁሉም እንዲህ አልቀለላቸውም። ዲያቆን ወልደ ሰንበት “ዳዊቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ወንጌሉንም ሌላ ያነብልኛል። ከታወርኩ በኋላ የተወለደችውን የልጄን መልክ ግን ማን ይነግረኛል?” ብለው ግማሽ ቀን አልቅሰው፣ አስለቅሰዋቸው፣ በመጨረሻ ይቅር አሉ። የአሥራ ሦስቱ ይቅርታ እንዲህ ተገኘ።

አሥራ አራተኛው ደጅ የእኔ ነው። ሦስት ጊዜ መጡ። በመጀመሪያው ውሻውን ለቀቅኩባቸው። በሁለተኛው ከቤት የለም በሉት ብዬ አስመለስኳቸው። ሦስተኛው በኅዳር 1980 ጽዮን ዕለት ነው። ያን ጊዜ ፊታቸው አብጦ ነበር፣ እግራቸውም ጫማ አልገባ ብሎት ነበር፤ በበሩ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ እንደማይሰነብቱ አውቄያለሁ። ከቅዳሴ መውጫ ጀምሮ ከብት እስኪገባ ድረስ ቆሙ። “ደምለው፣ አትክፈት። እዚያው ሆነህ አንድ ቃል በለኝ” አሉ። ባንቺዓለም ከመደቡ ተነሥታ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ በሩ ሄደች። “አካለ፣ እኔ ምንም አልያዝኩብህም” አለች። በሩን ልትከፍት መቀርቀሪያውን ስትፈልግ እጇን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳት። ቃል አልተነፈስኩም። እርሳቸው ጎረቤት ደግፏቸው ሄዱ።

ዶክተር አካለ ወልድ በገና ሰሞን ሕመማቸው ስለጠና አዲስ አበባ ሆስፒታል ገቡ። ሁለቱም ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ነበር። በባለቤታቸውና በልጃቸው እቅፍ ጥር 19 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት በትውልድ ከተማቸው በቢቸና ይኸው ዛሬ ጥር 21 ቀን ይፈጸማል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ባለቀ ነበር። ስቴንስሉ ላይ ያለውም እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚህ በታች ያለው ዛሬ ጧት በእጄ የጨመርኩት ነው፤ በታተመው ላይ አታገኙትም።

በየካቲት 1976 አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንቺዓለም ጥልፏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አገኘኋት። “ደምለው፣ ቀዩ ክርና አረንጓዴው አንድ ሆኑብኝ። ከኪኒኑ ይሆን? ላቁመው ይሆን?” አለችኝ። ጤና ጣቢያ ሄዳ ልትጠይቅ ነጠላዋንም አንሥታ ነበር። እኔ ተቆጣሁ። “አካለ ወልድ የፈረመበትን ነው የምታቆሚው? አንቺ ከእሱ ታውቂያለሽ? ዋጪ!” አልኳት። ነጠላዋን መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ወር ከግማሽ ኪኒኑን በመዳፌ አድርጌ፣ ውሃውን ይዤ፣ እስክትውጥ ፊቷ ቆሜ የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። በፋሲካ ማግስት እኔን ከበሩ መቃን መለየት አቃታት። ሐኪሞቹ ቆይተው እንደነገሩኝ ቀለም የጠፋባት ዕለት አቁማው ቢሆን ዓይኗ ይተርፍ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ባንቺዓለምም አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነሣችብኝም። በጤና ጣቢያው ግቢ ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስበው “እኔ ነኝ” ሲሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ የራሴን በሆዴ ይዤ፣ በእርሳቸው ላይ ጮህኩ። ደጄ ላይ ቆመው አንድ ቃል ሲለምኑኝ፣ በሩን ከፍቼ ፊታቸውን ባየሁ ኖሮ እንደምናገረው አውቅ ነበር፤ በሩን ያልከፈትኩት ለዚህ ነው፣ በሌላ አይደለም። ወንድሜ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሳቸው ነው ብለው አምነው ሞቱ። ግማሹ የእኔ መሆኑን ሳይሰሙ ሞቱ።

አባ ገብረ ክርስቶስ፣ አፌን ክፈት ብለውኝ ነበር፤ ከፍቻለሁ። እኔ ለወንድሜ የምሰጠው ይቅርታ የለኝም፣ የምለምነው እንጂ። የሚሰጠኝም ይኸው ሣጥን ውስጥ ነው። ባንቺዓለም እዚህ ከፊት ቆማለች። እሷን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እለምናታለሁ፤ ባታደርገውም አልፈርድባትም።

ዶክተር አካለ ወልድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀብትነሽ አላምረውን፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን ይርጋነሽ አካለ ወልድን፣ የወንድማቸውን ሚስት ባንቺዓለምን እና እኔን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ከአዲስ አበባ፣ ከሞጣና ከግንደወይን ድረስ ለመጣችሁ፣ በተለይም በሰው እጅ እየተመራችሁ መንገዱን ለቻላችሁት አሥራ ሦስት ወገኖች ቤተ ሰቡ ያመሰግናል። የሰውን ልብ የሚመረምር አምላክ ለወንድሜ በደጋጎቹ ማረፊያ ዕረፍትን፣ ለሚስታቸውና ለልጃቸው መጽናናትን፣ ለእኔ ደግሞ ዕድሜ ለንስሐ ይስጥ። አሜን።